በትምህርት ቤት ሜዳ ዳኛ የሚያባርር ጩኸት፤ ከየት ይመነጫል? እንዴትስ ይገታል?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግጥሚያ ላይ ረብሻ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዳኛው ነው። ፍጹም ቅጣት ምቱን ባይሰጥ፣ ቀይ ካርዱን ባያወጣ ኖሮ ይባላል። ጨዋታውን ከመነሻው የተከታተለ ሰው ግን ነገሩ ቀደም ብሎ መጀመሩን ያውቃል። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች በአንድ በር ገብተው ተቀላቅለው ተቀምጠዋል። ከሜዳው መስመር እስከ ፊተኛው ተመልካች ያለው ርቀት አንድ እርምጃ አይሞላም። ተማሪዎቹ ፊት የቆመ መምህር የለም። በ15ኛው ደቂቃ የተሰደበው ረዳት ዳኛ ዘወር ብሎ ቢያይ የሚጠራው ኃላፊ አጥቷል። በ80ኛው ደቂቃ የተወረወረው ጠርሙስ የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ተመልካችን መያዝ የአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ዋናው ክፍሉም ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ይሠራል። ዳኛው ተጫዋቾቹንና ተጠባባቂ ወንበሩን ይዳኛል። በሩን፣ አጥሩን፣ መቀመጫውንና ወላጁን የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ የሥራ ድርሻ ሲምታታ ሁለቱም ሥራ ይበላሻል።

የሚያስከፍለው ዋጋ

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በዳኞች መመናመን ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2018-19 እስከ 2021-22 ባሉት የውድድር ዓመታት 50 ሺህ ያህል ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ ስለነበር ሁሉም በስድብ ተማርረው ወጡ ማለት አይቻልም። ይሁንና ፌዴሬሽኑ ራሱ እጥረቱን ከተመልካችና ከአሠልጣኝ ጠባይ ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘመቻ ከፍቷል። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የአገሪቱ የስፖርት ዳኞች ብሔራዊ ማኅበር ከ17 ሺህ በላይ ዳኞችን ጠይቆ ነበር። የጨዋነት ጉድለቱ በብዛት የሚመጣው ከማን ነው ሲባሉ 40 በመቶ ያህሉ ወላጆችን፣ 30 በመቶ ያህሉ አሠልጣኞችን፣ 18 በመቶ ያህሉ ሌሎች ተመልካቾችን ጠቅሰዋል። ተጫዋቾችን የጠቀሱት ከእነዚህ ከሦስቱም ያነሱ ናቸው። ከወንድ ዳኞቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለደኅንነታቸው የሰጉበት ጊዜ እንደነበር ተናግረዋል።

እነዚህን መልሶች ያነበበ ሰው ችግሩን «የወጣት ግብታዊነት» ብሎ አያልፈውም። የ16 ዓመት ልጅ ዳኛ ላይ ሲጮህ፣ ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ ውጪ የቆመ አዋቂ ቀድሞት ጮኋል።

ዳኛ ሲያንስ የሚመጣው መዘዝ ራሱን የሚመግብ ነው። ልምድ ያለው ዳኛ ሲሄድ ቦታውን የሚይዘው ሥልጠና ከጨረሰ ጥቂት ወራት የሆነው ጀማሪ ነው። ጀማሪ ይሳሳታል፤ ቆሞ የሚያይበትን ቦታ ገና እየተማረ ነው። ስህተቱ ጩኸት ያመጣል፣ ጩኸቱ እሱንም ያባርረዋል። የሦስት ዳኛ ጨዋታ በሁለት፣ ኋላም በአንድ ሰው ይመራል። አንድ ዳኛ ብቻውን ኦፍሳይድን በትክክል ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ስህተቱ ይበዛል። ወላጅ «ዳኝነቱ ወርዷል» ብሎ ሲያማርር፣ እንዲወርድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከገዛ መቀመጫው የተነሳው ድምፅ መሆኑን አያየውም።

ከዚህም የከፋ ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኔዘርላንድስ አልሜሬ ከተማ፣ ልጁ በሚጫወትበት የታዳጊዎች ግጥሚያ ላይ በበጎ ፈቃድ መስመር ዳኛ የነበረ አባት ከጨዋታው በኋላ ተደብድቦ በማግስቱ ሞቷል። በጉዳዩ ስድስት ታዳጊዎችና የአንዱ ተጫዋች አባት ተፈርዶባቸዋል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የ17 ዓመት ተጫዋች ቢጫ ካርድ ያሳየውን ዳኛ በቡጢ መትቶ ዳኛው ከሳምንት በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ሁለቱም የታዳጊዎች ጨዋታ ነበሩ። ሰው የሚሞትለት ዋንጫም ሆነ ገንዘብ በሌለበት ቦታ ነው የሆነው።

የት ላይ ይቀጣጠላል?

ወላጅ ልጁን ሲያይ ጨዋታውን አያይም። ዓይኑ ልጁ ላይ ስለሆነ ከልጁ በፊት የተሠራውን ጥፋት ያልፈዋል፤ የሚያየው ልጁ መውደቁን ብቻ ነው። ለጫማ፣ ለትጥቅና ለትራንስፖርት ያወጣው ገንዘብ፣ ልጁ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኝ ይሆናል የሚለው ተስፋ ይጨመርበትና የአንድ ፊሽካ ስህተት እንደ ትልቅ በደል ይታየዋል።

ሌላው ምክንያት የደንብ አለማወቅ ነው፤ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ድርሻ አለው። ኦፍሳይድ የሚታየው ኳሱ በአጥቂው የቡድን ጓደኛ በተነካበት ቅጽበት እንጂ አጥቂው ኳሱን በተቀበለበት ጊዜ አይደለም። አጥቂው ኳሱ እስኪደርሰው ሦስት ወይም አራት ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ተመልካቹ ዓይኑን ከኳሱ ጋር አንቀሳቅሶ የሚያየው የመጨረሻውን ቦታ ነው፤ ረዳት ዳኛው ደግሞ የመጀመሪያውን። ሁለቱም «በዓይኔ አየሁት» ይላሉ። ኳስ እጅ የነካበት ሁሉ ጥፋት አለመሆኑን፣ ዳኛው «ቀጥሉ» ብሎ እጁን የዘረጋው ጥፋቱን ሳያይ ቀርቶ ሳይሆን የተበደለው ቡድን ጥቅም ስላለው መሆኑን የማያውቅ ሰው በየአምስት ደቂቃው የሚቆጣበት ነገር አያጣም። ስለዚህ ጨዋታው ሊጀመር ሲል በድምፅ ማጉያ አንዲት ደንብ ብቻ በ20 ሰከንድ ማስረዳት ይጠቅማል። በአንድ ቀን አንዲት ብቻ ትሁን። አምስት ደንብ በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝር አስተዋዋቂን ማንም አይሰማውም።

ሰዓቱም የታወቀ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ውጤቱ ሲቀራረብ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ወይም ቀይ ካርድ ሲሰጥ፣ ከሁሉም በላይ ግን የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ይብሳል። ብዙ አስተባባሪ «አለቀ፣ ተመስገን» ብሎ ቦታውን የሚለቅቀው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ተመልካች፣ ተጫዋችና ዳኛ በአንድ በር የሚገናኙትም ያኔ ነው።

ሜዳውን ማሰናዳት

ገመድ፣ አስተባባሪዎች የሚለዩበት ጥቂት ሰደርያና አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መምጣት ብዙ ይሠራል። በእግር ኳስ ተመልካቹ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ቦታ ከጠበበ 2 ሜትርም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ ረዳት ዳኛው የሚሮጥበትን መንገድ ያገኛል፣ ስድቡም በጆሮው ሥር አይሆንም። ችካል ተተክሎ ገመድ ይወጠር። በኖራ የተሰመረ መስመር ብቻ አይበቃም፤ ጎል ሲገባ ሕዝቡ ሳያስበው ይሻገረዋል። ከጎሎቹ ጀርባ ማንም አይቁም። ግብ ጠባቂ ለ90 ደቂቃ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆም ብቸኛ ተጫዋች ነው፤ በልጅ ላይ የሚወርደው ክፉ ስድብም በብዛት ከዚያ ይመጣል።

ወላጆች ከተጠባባቂ ወንበሮቹ ማዶ ባለው ጎን ይቀመጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከአሠልጣኙ ጀርባ የተቀመጠ አባት በየደቂቃው ልጁን ያሠለጥናል፣ ልጁም ከሁለት ሰው ትእዛዝ ይቀበላል። የሁለቱ ቡድን ደጋፊዎች በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይኑር፣ የሚገቡበትና የሚወጡበት በርም ይለያይ። በር አንድ ብቻ ከሆነ እንግዶቹ መጀመሪያ ይውጡ፣ ባለሜዳዎቹ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ይህም ከጨዋታው በፊት ይነገራቸው። ከጨዋታ በኋላ የሚነገር «ቆዩ» ቅጣት ይመስላል።

ጂምናዚየም የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ይደራረባል፤ 60 ሰው እንደ 300 ይሰማል። የፊተኛው ረድፍ እግር መስመሩን ይነካል። እዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ ባዶ ማድረግና ጡሩምባን ከነጭራሹ መከልከል ግድ ይላል። ከውጤት መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ጀርባ ተመልካች መቀመጥ የለበትም፤ የሰዓት ያዡ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኋላው በሚጮህበት ሰው ነው።

የዳኞቹ ነገር ለብቻው ይታሰብ። መልበሻ ክፍላቸው የሚቆለፍ ይሁን፣ ከተጫዋቾቹም ይለይ። መኪና ይዘው ከመጡ በሩ አጠገብ ያቁሙ። አበላቸው ከጨዋታው በፊት ይከፈላቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዳኛ ከተሸነፈ ቡድን ሜዳ ላይ ገንዘብ ያዡን ፍለጋ በሕዝብ መካከል ሲንከራተት ማየት የተለመደ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ማን ምን ይሠራል?

ለእያንዳንዱ ጨዋታ በስም የታወቀ አንድ የጨዋታ ኃላፊ ይመደብ። ከርእሰ መምህሩ ወይም ከምክትሉ ሥልጣን የተሰጠው፣ ሰው ማስወጣት የሚችል ይሁን። አሠልጣኝም የስፖርት መምህሩም ይህን ሥራ ደርበው መያዝ የለባቸውም፤ ዓይናቸው ጨዋታው ላይ ነው። ከእሱ በታች ለ50 ተመልካች አንድ አስተባባሪ ጥሩ መነሻ ነው፤ ተቀናቃኝነቱ የበረታ ጨዋታ ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ይገባል። እንግዳው ትምህርት ቤትም የራሱን ሁለት መምህራን ይዞ ይምጣ። ልጅ የሚፈራውም የሚያከብረውም በስሙ የሚጠራውን መምህር ነው፤ የማያውቀው ሰው «ዝም በል» ቢለው ይብስበታል።

አስተባባሪው ፊቱን ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ይቁም። ይህች አንዲት ነገር አስተባባሪን ከተመልካች ትለያለች። ጨዋታውን ማየት የሚፈልግ መምህር ቲኬቱን ይዞ ይቀመጥ እንጂ ሰደርያውን አይልበስ።

ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ኃላፊው ዳኞቹን አግኝቶ አምስት ደቂቃ ያነጋግር። የት እንደሚቆም ያሳያቸው፤ ሲፈልጉት የሚሰጡትን ምልክት ይስማሙ፤ ለምሳሌ ዳኛው በቆመ ኳስ ሁለት ጊዜ እጁን ወደ እሱ ቢያነሣ መጥቶ ያነጋግረዋል። ጨዋታው ሲያልቅ የሚያጅባቸውን ሰው ያስተዋውቃቸው። ዳኛው ከተመልካች ጋር ቃል እንዳይመላለስ የሚያስችለው ይህ ነው። የሚጠራው ሰው እንዳለ ካላወቀ ራሱ መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ለአንዱ የመለሰ ዳኛ ደግሞ ለሁሉም መመለስ ይጠበቅበታል።

የአሠልጣኙ ሁለት እጆች

ኦፍሳይድ ተነፋ እንበል። አሠልጣኙ ከወንበሩ ተነሥቶ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ወደ ሕዝቡም ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። አንድም ቃል አልተናገረም። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተጠባባቂዎቹ ተነሡ፤ ከእነሱ ጀርባ ያሉት ተማሪዎች ተከተሉ፤ ማዶ ያሉት ወላጆች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ መጮህ ጀመሩ። ያው አሠልጣኝ በዚያው ፊሽካ ላይ «እሺ፣ ተመለሱ፣ ቦታ ያዙ» ብሎ ቢያጨበጭብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። በትምህርት ቤት ሜዳ የሕዝቡን ሙቀት የሚለካውም የሚጨምረውም አሠልጣኙ ነው።

ደንቡ ለዚህ መሣሪያ አለው። የእግር ኳስን ደንብ የሚያወጣው ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2019-20 የውድድር ዓመት ጀምሮ ዳኛ ለአሠልጣኝና ለቡድን አባላት ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲያሳይ ፈቅዷል። ከተጠባባቂ ወንበሩ አካባቢ የተሳደበው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ቅጣቱን የሚቀበለው በቦታው ያለው ዋና አሠልጣኝ ነው። ይህ አንቀጽ ለትምህርት ቤት ጨዋታ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሠልጣኙ የራሱን ወንበር እንዲቆጣጠር ያስገድደዋል። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ደንብ አሠልጣኝ በራሱ ጠባይ ሁለት ቴክኒካል ፋውል (ለጠባይ ጉድለት የሚቆጠር ጥፋት) ከተቆጠረበት ይባረራል። በመረብ ኳስ ቀይ ካርድ ለተጋጣሚው ነጥብና ሰርቭ (ኳሱን መትቶ የማስጀመር ተራ) ይሰጣል፤ ዳኛን መሳደብ በውጤት ሰሌዳው ላይ ወዲያው ይታያል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት ውድድር ተስማሚ ሆኖ የሚታየን ተቃውሞ ያበዛ ተጫዋችን ለጊዜው ከሜዳ ማስወጣት ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ31 ሊጎች ሞክሮት ተቃውሞ በ38 በመቶ መቀነሱን ካስታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019-20 ጀምሮ በታችኛው እርከን አስፋፍቶታል። በ90 ደቂቃ ጨዋታ ልጁ 10 ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል። ቢጫ ካርድ ብቻውን ዛሬ የሚያስከፍለው ነገር የለም። አሥር ደቂቃ በጎዶሎ ሰው መጫወት ግን ቡድኑን ያሳምማል፤ ጓደኞቹም «አፍህን ያዝ» ይሉታል። ከዚህ ጋር ዳኛውን የሚያነጋግረው አምበሉ ብቻ ይሁን የሚለው አሠራር ቢጣመር ዳኛን የሚከብበው መንጋ ይበተናል። ይህ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ሳይዛነፍ ሲተገበር ነው። በሩብ ፍጻሜ የተጀመረ ጥብቅነት አድልዎ ይመስላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ተመልካች መያዝ ላይ ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው በሁለት ጽንፍ ነው፤ ወይ ምንም አይልም፣ ወይ ዘሎ ፖሊስ ይጠራል። በመካከል ያለው ደረጃ ነው ሥራው።

መጀመሪያ አስተባባሪው ሰውየው አጠገብ ሄዶ ይቁም። ምንም አይናገር። ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያበቃል፤ ሰው ከጎኑ የቆመ ታዛቢ ሲኖር ቃሉን ይመርጣል። ካልሆነ ጎንበስ ብሎ፣ በዝግታ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ይናገር፦ «ይቅርታ አባት፣ ዳኛውን በስሙ እየጠሩ መሳደብ እዚህ አይፈቀድም። ልጅዎን ያበረታቱ። ከደገሙት እንዲወጡ ልጠይቅዎ ነው።» በዚህ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ የተደረገው ጥፋት፣ ማድረግ የሚቻለው ነገርና ቀጥሎ የሚመጣው። «ሥርዓት ይያዙ» ማለት ምንም አይደለም፤ ማንም ራሱን ሥርዓት የለሽ አድርጎ አያስብም።

ማስጠንቀቂያ አንድ ጊዜ ነው። አምስት ጊዜ የተደገመ ማስጠንቀቂያ ዙሪያውን ለተቀመጡት ሁሉ ቅጣት እንደሌለ ያስተምራል። ሁለተኛ ሲያጠፋ ሁለት ሰው ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ዝም ብሎ ያስተውል። ኳስ በቆመበት ጊዜ፣ በቅርቡ በር፣ ሰውየውን ሳይነኩ። እጅ መያዝ ጠብ ነው። በድምፅ ማጉያ «ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱት ይውጡ» ማለትም ስህተት ነው፤ በልጁ ፊት የተዋረደ አባት ለመውጣት እምቢ ማለትን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። እምቢ ካለ ኃላፊው ዳኛውን በተስማሙበት ምልክት ያናግርና ጨዋታው ይቁም፤ ሰውየው እስኪወጣ አይቀጥልም። ያኔ «ውጣልን እንጂ» የሚሉት ጎረቤቶቹ ይሆናሉ። ፖሊስ የሚጠራው ዛቻ፣ የእጅ እልፊት ወይም መሣሪያ ሲኖር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሳይውል ሳያድር።

ከዚህ ደረጃ የሚወጣ አንድ ጥፋት አለ። በቆዳ ቀለም፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ወይም በጾታ ላይ የተነጣጠረ ስድብ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የተሳደበው ወዲያው ይወጣል። ፊፋ ለዘረኝነት ያስቀመጠው ሦስት ደረጃ ለትምህርት ቤትም ያገለግላል፤ ጨዋታውን አቁሞ በድምፅ ማጉያ ማሳወቅ፣ ካልተገታ ሁለቱንም ቡድን ወደ መልበሻ ክፍል መመለስ፣ በመጨረሻም ጨዋታውን ማቋረጥ። በትምህርት ቤት ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ፤ የተሰደበው ልጅ። ብዙ ጊዜ አዋቂዎቹ ጥፋተኛውን ሲያሳድዱ ልጁ መሀል ሜዳ ብቻውን ይቆማል። አሠልጣኙ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሂድ፤ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀው፤ መቀየር ከፈለገም እንደ ሽንፈት እንዳይታይበት አብሮት ይውጣ። ለወላጆቹ የዚያኑ ዕለት ይደወል።

የተማሪዎቹ ጎን

ዝም ያለ ሜዳ አያስደስትም፤ ልጆቹን «አትጩኹ» ማለት ጉልበት ማባከን ነው። መስመሩ ግልጽ ይሁን፤ የራስን ቡድን የሚያነሣ ዜማ ሁሉ ይፈቀዳል። የተቃራኒን ተጫዋች ስም፣ መልክ፣ ቤተሰብ፣ ውጤት ወይም አካሄድ የሚያነሣ አይፈቀድም። ከበሮ ያለው ልጅ ትልቅ ሥልጣን አለው። ከበሮውን ማን እንደሚይዝ ትምህርት ቤቱ ይምረጥ፤ ልጁንም ሳምንቱ መካከል ጠርቶ ያነጋግረው። አስቀያሚ ዜማ ሲጀመር ሌላ ዜማ በከበሮ ማንሣት ከመምህር ቁጣ ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል፤ አንድን ዜማ የሚያጠፋው ሌላ ዜማ ነው። የጨዋታው ሳምንት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፈውን መከታተልም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ቅዳሜ የሚነሣ ጠብ ብዙ ጊዜ ረቡዕ በቴሌግራም ተጀምሯል፤ ያየ ተማሪ ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይወቅ።

ለወላጆች ደግሞ ዓመቱ ሲጀመር የ30 ደቂቃ ስብሰባ ይበቃል። ሁለት ነገር ይፈርሙ፤ ከተባረርኩ የሚቀጥለውን ጨዋታ አልገባም የሚል፣ እና ስለ ጨዋታው አሠልጣኙን ከማነጋገሬ በፊት 24 ሰዓት እጠብቃለሁ የሚል። ሁለተኛው በተለይ ጠቃሚ ነው። ሌሊቱን ያደረ ቁጣ በማግስቱ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ

አስተባባሪዎቹ ሕዝቡ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሆነው ይውጡ። አጃቢው ፊሽካው ከመነፋቱ ሁለት ደቂቃ በፊት መስመሩ ላይ ይገኝ፤ ዳኞቹን እስከ መልበሻ ክፍል፣ ከዚያም እስከ መኪናቸው ወይም እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኝ። የቡድኖቹ መጨባበጥ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ብዙ ጠብ የሚነሣበት ሰዓት ነው። አሠልጣኞቹ ቀድመው ይጨባበጡ፣ ከዚያም በሰልፉ መሀል ይቁሙ። ቀይ ካርድ የወጣበት ወይም የተጋጩ ልጆች ያሉበት ጨዋታ ከሆነ ከርቀት ማጨብጨብ ይበቃል። ሳይወዱ የተጨባበጡ እጆች ለጨዋነት አይረዱም።

ሪፖርት በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ። «ደጋፊዎች ሥርዓት አልያዙም» የሚል ሪፖርት ማንንም ለመቅጣት አያስችልም። ሊሠራበት የሚችለው እንዲህ ያለው ነው፦ «በ62ኛው ደቂቃ ከምሥራቁ ገመድ፣ ከሁለተኛው ረዳት ዳኛ ጀርባ የቆመ፣ የባለሜዳው ቡድን ወላጅ ‹ዳኛው ሌባ ነው› ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኸ። በ64ኛው ደቂቃ ተነገረው። በ71ኛው ደገመ። በ73ኛው ወጣ።» ደቂቃ፣ ቦታ፣ የተነገረው ቃል እንዳለ፣ የተወሰደው እርምጃ። የተማሪዎች ፊት ያለበት ቪዲዮ ለኮሚቴው ይሰጥ እንጂ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጠፍ፤ የ15 ዓመት ልጅ የአንድ ደቂቃ ጥፋት ዕድሜ ልክ ሊከተለው አይገባም።

ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም የማይቀር ይሁን። መጀመሪያ የተባረረ የሚቀጥለውን ጨዋታ ይለፍ፤ ለመመለስም ከጨዋታ ኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር። የደገመ የቀረውን የውድድር ዘመን። ዛቻና የእጅ እልፊት ከሆነ አንድ ዓመትና ሕጉ የሚለው ሁሉ። የተባረረ አሠልጣኝ ተተኪ እስኪመደብ ቡድኑ እንዳይጫወት ማድረግም ያስኬዳል። ብዙ ደንብ የሚከሽፈው ግን ቅጣቱ አንሶ አይደለም። ቀጪው የጥፋተኛው ባልደረባ ስለሆነ ነው። ርእሰ መምህር የራሱን ኮከብ ተጫዋች አባት፣ ያውም የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ ከፍጻሜ ጨዋታ በፊት እንዲያግድ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ሦስት ሰው ባሉበት ኮሚቴ ይሰጥ፤ ቢያንስ አንዱ ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች ውጪ ይሁን። ይግባኝ በሦስት ቀን ይቅረብ፣ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ይወሰን። በር ዘግቶ ያለ ተመልካች ማጫወት ጥፋተኛው ያልታወቀ የድንጋይ ውርወራ ሲኖር ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ አለበለዚያ ዝም ብለው የተቀመጡትን መቅጣት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጥፋተኛ ለማሳየትም ፈቃደኛ አይሆኑም።

በማግስቱ ኃላፊው ለዳኞቹ ይደውል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ በሰላም ገባችሁ? ያላየነው ምን ነበር? ለሚቀጥለው ምን እናስተካክል? መልሱን ከሪፖርቱ ጋር በአንድ መዝገብ ያስፍር። ከአራት ወይም ከአምስት ጨዋታ በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ ጥፋቶቹ ከአንድ ጥግና ከአንድ ሰዓት ላይ ተሰባስበው ይታያሉ፤ ገመዱ ከዚያ ጥግ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይሳብ፣ በሚቀጥለው ጨዋታም በ60ኛው ደቂቃ አንድ መምህር እዚያ ይቁም።